ማታ በሰላም ተኝተው የማይነሱ ጨቅላዎች
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

 



የዛሬው ርዕስ ከሆሳዕና ከተማ በደረሰን አንድ ጥያቄ ምክንያት የመጣ ነው። ጠያቂዋ እህት ስሟ እንዳይጠቀስ አሳስባለች። የሦስት ወር ወንድ ልጇን ማታ አጥብታ አጠገቧ አስተኛችው። ለሱብሒ ሰላት ስትነሳ ቀዝቅዞ አገኘችው። ትኩሳት አልነበረውም፤ አልሳለም፤ አላስቀመጠውም። ለቅሶ ከደረሱት ጎረቤቶች አንዷ «ዓይን ነው» አለች፤ ሌላዋ «ግግ ሳይወጣለት ቀርቶ ነው» አለች። የባሏ እናት ግን «ተኝታበት ነው» ብለው ደመደሙ። እህታችን የምትጠይቀው እንዲህ ነው፦ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ? ከሆነስ ሁለት ወር መጾም አለብኝ ወይ?

ይህ ጥያቄ የአንዲት ሴት ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በዱራሜም ሆነ በሾኔ፣ በሺንሺቾም ሆነ በአንጋጫ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሳይሰማ አይቀርም። ሕፃን በመሆኑ ለቅሶው ቶሎ ይነሳል፤ እናቲቱ ግን ነገሩን ይዛው ትኖራለች። በዚህ ምክንያት ትዳር እስከ መፍረስ የደረሰበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለት በኩል እንየው፤ ሐኪሞች ከደረሱበትና ዑለማዎች ካስተማሩን።

ሐኪሞች «ድንገተኛ የሕፃናት ሞት» የሚሉት ነገር አለ። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ነው። ዓመት ያልሞላውና ጤነኛ ይመስል የነበረ ሕፃን ተኝቶ እያለ ይሞታል። አስከሬኑ ይመረመራል፣ የተኛበት ቦታ ይታያል፣ የሕመም ታሪኩ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር ይህ ስም ይሰጠዋል። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። ከመቶው ዘጠናው ከስድስት ወር በፊት ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ልብ በሉ፤ ስሙን ለመስጠት ሦስቱም ምርመራዎች ያስፈልጋሉ። እኛ ጋ ደግሞ ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነውና ሌሊት የሞተ ሕፃን ከዙህር በፊት ተቀብሯል። ሐኪም አላየውም፤ የተኛበትን ፍራሽ ያየ የለም፤ መዝገብ ላይም አልሰፈረም። በአገራችን ልደትንና ሞትን በመንግሥት ተቋም መመዝገብ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። የሕፃን ሞትን ለማስመዝገብ ቀበሌ የሚሄድ አባት ደግሞ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 48ቱ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከነዚህ 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። ቀሪዎቹ 19ኙ አንድ ወር አልፏቸው ዓመት ያልደረሱ ናቸው። ከነሱ መካከል ያለ ሳልና ያለ ትኩሳት ሌሊት የሄዱት ስንት ናቸው ቢባል፣ የሚመልስ መዝገብ አልተዘጋጀም።

በርግጥ በዚሁ ክልል ውስጥ ባለችው ቡታጅራ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት ሲመዘግብ ቆይቷል። ነገር ግን እዚያም የሞቱ ምክንያት የሚታወቀው ቤተሰቡን በመጠየቅ ነው። «ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ሞቶ አገኘነው» ከሚል መልስ ምን ማወቅ ይቻላል? ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከውጭ ተቋማት ጋር ሆኖ በሐረርና በቀርሳ ሌላ መንገድ ሞክሯል። ቤተሰቡ ሲፈቅድ የሕፃኑ ሰውነት ሳይከፈት በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ቀብሩም ብዙ አይዘገይም። አካባቢው የሙስሊም አካባቢ ስለሆነ ከሃይማኖት አባቶች ጋር መምከር የግድ ነበር። የሙስሊሙ ዓለም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1987 መካ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ ለወንጀል ምርመራና በሽታን ለማወቅ አስፈላጊ ሲሆን አስከሬን መመርመር እንደሚቻል መወሰኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። የሟች ክብር መጠበቁ ግን የግድ ነው።

ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። በመጀመሪያ ማወቅ ያለባት፣ ያለባትም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕፃኑ በራሱ ምክንያት ሞቶ ይሁን ወይም ትንፋሽ ታፍኖ፣ አስከሬን የሚመረምር ሐኪም እንኳ ሰውነቱን ብቻ አይቶ መለየት አይችልም። ሁለቱም ምልክት አይተዉም። ከንፈር መጥቆሩ፣ የተኛበት ጎን መቅላቱ፣ ከአፍንጫው ትንሽ አረፋ መውጣቱ ማንም እንደተኛበት አያረጋግጥም። ታዲያ ሐኪም በመሣሪያው ያልለየውን ነገር፣ በሌላ ክፍል ተኝተው ያደሩት አማት በምን ለዩት?

የፊቅህ ሊቃውንት እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ እንደማይነሳ ያስተምራሉ። እርግጠኛው ነገር የሰው ልጅ ከዕዳ ነፃ መሆኑ ነው። እናት ልጇ ላይ መተኛቷን ካላወቀች፣ በቂ ማስረጃም ከሌለ፣ «ምናልባት» በሚል ብቻ ምንም አይገደድባትም፤ ጾሙም የደም ካሳውም። ይህ በዘመናችን ያሉ ታላላቅ ዑለማዎች የሰጡት ፈትዋ ነው። አንዲት እናት ነቅታ ልጇን ከሰውነቷ ሥር ካገኘችውና በዚያ ምክንያት መሞቱን እርግጠኛ ከሆነች፣ ወይም ግምቷ ወደዚያ በጣም ካመዘነ፣ ነገሩ በስህተት ከመግደል ይቆጠራል። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ላይ የተደነገገው ይመለከታታል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት በዘመናችን ስለማይገኝ ሁለት ወር በተከታታይ ትጾማለች፣ ወራሾች ይቅር ካላሉም የደም ካሳ አለ። በመሃል ሐይድ ቢመጣባት ተከታታይነቱን አያቋርጥባትም። ዝርዝሩን ግን እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት ሁሉ በአካባቢዋ ያለ ዓሊም ቀርባ ትጠይቅ። የየሰው ሁኔታ ይለያያል፤ በሬዲዮ የሚሰጥ መልስም ልብስ አይደለምና ለሁሉም ልክ አይሆንም።

ይሁንና ኃጢአት አለባት ወይ ለሚለው መልሱ ግልጽ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዕር ከተነሳላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ እስኪነቃ ድረስ የተኛ ሰው መሆኑን ነግረውናል። ካሳው ለጠፋው ነፍስ ክብር የተደነገገ ነው እንጂ የእናት ክፋት መቀጫ አይደለም። በአንጻሩ ነቅቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ያለ ማስረጃ «ገዳይ ናት» የሚል ሰው ብዕሩ አልተነሳለትም። ያ ሰው ስለ ራሱ ይጨነቅ።

«ዓይን ነው» ወደተባለው ልለፍ። ዓይን እውነት መሆኑን በሐዲስ እናምናለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሐሰንና ለሑሰይን (ረ.ዐ) ጥበቃ የሚለምኑበትን ዱዓ ያነቡላቸው ነበር፤ እኛም ለልጆቻችን እናነባለን። ከዚህ ተነስቶ «እገሊት ነች የበላችው» ብሎ ጎረቤትን መጠቆም ግን ሌላ ነገር ነው። በሀዲያና በከምባታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዕድር ይኖራል። «ቡዳ» ተብላ የተጠቆመችው ሴት ማታ እሳት ልትጫጭር ወደማን ትሄዳለች?

ስለዚህ ጉዳይ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የራሳቸው ሕይወት ያስተምረናል። ከማሪያ የተወለደው ልጃቸው ኢብራሂም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ሞተ። እሳቸውም አለቀሱ። ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብ እንደሚያዝን፣ አንደበት ግን ጌታውን የሚያስቆጣ ነገር እንደማይናገር አሳዩ። በዚያው ቀን ፀሐይ ጨለመች። ሰዎች ለኢብራሂም ሞት ነው የጨለመችው ማለት ጀመሩ። ሐዘን ላይ ያለ አባት እንዲህ ያለውን ወሬ ዝም ብሎ ቢያልፈው ማን ይወቅሰዋል? እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ልደት እንደማይጨልሙ፣ ከአላህ ታምራት ሁለቱ እንደሆኑ ለሰዉ ተናገሩ። ለልጃቸው ሞት እውነት ያልሆነ ምክንያት እንዲሰጠው አልፈቀዱም።

ወላጆቻቸውን ቀድመው የሚሄዱ ሕፃናትን በተመለከተ በሰሒሕ ሐዲሶች የመጣው ብዙ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕልማቸው በአረንጓዴ የአትክልት ስፍራ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ) በሕፃናት ተከብበው አይተዋቸዋል፤ ሕፃናቱም በፊጥራ ላይ ሆነው የሞቱ መሆናቸው ተነግሯቸዋል። ለእህታችን ይህን ደጋግማችሁ ንገሯት።

አሁን ደግሞ አንዳንድ ወንድሞች የሚያነሱትን ሐሳብ እንመልከት። «ሁሉም በአላህ ቀደር ከሆነ ስለ ሕፃን አተኛኘት ማውራቱ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ እዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ዑመርም (ረ.ዐ) የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን ነገሯቸው። ለምለሙንና ደረቁን መስክ አይቶ ግመሎቹን ወደ ለምለሙ የሚነዳን እረኛም ምሳሌ አደረጉላቸው። በየትኛውም ቢያሰማራ በቀደር ነው። ልጅ በእጃችን ያለ አማና ነው፤ ሰበቡን ካደረስን በኋላ ነው ተወኩል የሚባለው።

ልጅ እንዴት ይተኛ?

የዓለም ሐኪሞች ራሳቸው እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ተሳስተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዶ/ር ቤንጃሚን ስፖክ የተባሉት ዝነኛ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪም፣ ሕፃን ቢያስታውክ እንዳይታነቅ በሆዱ ቢተኛ ይሻላል ብለው ይመክሩ ነበር። ምክሩን ሚሊዮኖች ተከተሉት። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት የቀድሞዎቹን መረጃዎች ሰብስቦ ሲያይ፣ በሆድ ማስተኛት አደገኛ መሆኑ በ1970 መታወቅ ይችል እንደነበር፣ ያን ጊዜ ምክሩ ቢለወጥ ኖሮ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ቢያንስ 50,000 ሕፃናት ይድኑ እንደነበር ገምቷል። የኒውዚላንድ ሐኪሞች በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእንግሊዝ አገር ደግሞ በብሪስቶል ዶ/ር ፒተር ፍሌሚንግና ባልደረቦቻቸው የሞቱትን ሕፃናት ከነተኙበት ሁኔታ ከደህነኞቹ ጋር አነጻጸሩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በአተኛኘት ላይ ነበር። በእንግሊዝ በ1991፣ በአሜሪካ በ1994 «ሕፃንን በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ። በአሜሪካ በ1990 ከ100,000 ሕፃናት 130 ያህሉ በዚህ ይሞቱ ነበር፤ በ2020 ወደ 38 ወርዷል። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ መርፌም የለም። የተለወጠው ማስተኛቱ ነው።

ለምን? ሕፃን በሆዱ ሲተኛ አፍንጫው ፍራሹ ውስጥ ይገባል፤ ያወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል። ብዙው ሕፃን ይህ ሲሆን ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ ፊቱን ያዞራል። አንዳንዱ ግን አይነቃም። በአሜሪካ ቦስተን ዶ/ር ሐና ኪኒ በዚህ ሁኔታ የሞቱ ሕፃናትን አንጎል ለብዙ ዓመታት መርምረው፣ በብዙዎቹ ላይ ትንፋሽንና መንቃትን በሚያዘው የአንጎል ግንድ ውስጥ ጉድለት አግኝተዋል። የትኛው ሕፃን ይህ ጉድለት እንዳለበት ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ሁሉንም በጀርባ ማስተኛት ነው፤ ማታም ቀንም፣ ዓመት እስኪሞላው።

«በጀርባው ተኝቶ ቢያስታውክ አይታነቅም ወይ?» የሚለው የአያቶች ሁሉ ጥያቄ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ከአካሉ አሠራር ይገኛል። የአየር ቧንቧ ከፊት፣ የምግብ ቧንቧ ከኋላ ነው። ሕፃን ተንጋሎ ሲተኛ የአየሩ ቧንቧ ከላይ ይሆናል፤ ከሆዱ የመጣው ወተት ወደ ላይ አይወጣምና ተመልሶ ወደ ምግቡ ቧንቧ ይወርዳል። በሆዱ ሲተኛ ነው ነገሩ የሚገለበጠው።

እዚህ ላይ ከኛ ወገን የሚመጣ ጥያቄ አለ። በቀኝ ጎን መተኛት ሱና አይደለም ወይ? አዎን፣ ለኔና ለእናንተ ሱና ነው። ሕፃን ግን ኃላፊነት ያልተጣለበት፣ ኒያም የሌለው ነው። በጎን የተኛ የሁለት ወር ልጅ ደግሞ ጸንቶ አይቆይም፤ ሸርተት ብሎ በሆዱ ይደፋል። አድጎ ራሱን ችሎ ሲተኛ ሱናውን አስተምሩት።

በጀርባ ማስተኛት ጭንቅላቱን እንዳያጠፍጥፈው የምትሰጉ እናቶች፣ ነቅቶ እናንተ እያያችሁት በሆዱ አጫውቱት። አንገቱም ይጠነክራል። በአንድ ነገር እንዳትሳሳቱ ግን። ሐኪም ቤት ክብደቱ ያነሰ ልጅ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ እንዲታቀፍ ከታዘዘ፣ ያ ሌላ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙ እንዳለ ይቀጥል።

ከማን ጋር ይተኛ የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። ምዕራባውያኑ ለየብቻው አልጋ አስተኙት ይላሉ። ሆሳዕና ብርድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ፣ በአምባሪቾ ተራራ ዙሪያ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ቤቱ አንድ ክፍል፣ አልጋው አንድ፣ ልጁ አራት። እናት ጨቅላዋን ከእቅፏ አውጥታ ወዴት ታስተኛዋለች? ሌሊት ማጥባትም አለ። ማጥባት በራሱ ከዚህ ሞት እንደሚከላከል በጥናት ታይቷል። አላህም (ሱ.ወ) እናቶች ሁለት ዓመት ሙሉ ማጥባትን በቁርኣኑ አንስቶላቸዋል። ስለዚህ «አብራችሁ አትተኙ» ብሎ መደንገግ የማይሠራ ትእዛዝ ይመስለኛል።

የተሻለው ልጁ ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል፣ እጇ በሚደርስበት፣ ግን በራሱ መኝታ መተኛቱ ነው። በኒውዚላንድ የማኦሪ ሕዝብም ከልጆቹ ጋር አብሮ የሚተኛ ነው። የሕፃናቱ ሞት ከሌላው ሕዝብ በብዙ ይበልጥ ነበር። «አትተኙ» የሚለውን ዘመቻ አልሰሙትም። ከ2006 ወዲህ ግን ከነሱው የወጡ ሐኪምና ሸማኔ እናቶች ከአገሩ ተክል ቅጠል ዋሃኩራ የሚባል ጠፍጣፋ ቅርጫት እየሠሩ ለወላዶች መስጠት ጀመሩ። ቅርጫቱ አልጋው ላይ ከእናቲቱ ጎን ይቀመጣል፤ ሕፃኑ አጠገቧ ነው፣ ግን ማንም አይጫነውም። በሀዲያና በከምባታ ከእንሰትና ከሣር ምንጣፍ፣ ሙዳይና ቅርጫት የሚሠሩ እናቶች ሞልተዋል። መሬቱ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለና ትንፋሽ የሚያሳልፍ የልጅ መኝታ መሥራት ለነሱ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ይህን የሚያስጀምር ጀመዓ ቢገኝ ብዬ እመኛለሁ።

ያ እስኪሆን ድረስ አንድ አልጋ ላይ የምትተኙ ከሆነ ልጁ በእናቱ በኩል ብቻ ይሁን፤ በባልና ሚስት መካከል ወይም በታላላቆቹ መካከል አይሁን። አባት በነዚያ ጥቂት ወራት መደብ ላይ ወይም መሬት ቢተኛ ክብሩ አይነካም። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ሰው አጠገቡ አይተኛ። ቁጭ ብሎ ሶፋ ላይ እያጠቡ ማንቀላፋት ደግሞ አልጋ ላይ ከመተኛት የበለጠ አደገኛ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

መኝታው ጠንከር ያለና ያልጎደጎደ ይሁን። የድሮው ጅባና ሰሌን ከዛሬው ለስላሳ ስፖንጅ የተሻለ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከዚያ የሚላከው ስጦታም ትራስ፣ ፀጉራም አሻንጉሊት፣ ድርብ ብርድ ልብስ ነው። አላህ ይቀበላቸው፤ ግን ለልጁ እንቅልፍ አይሆኑም። ልጁ ካደገ በኋላ ይጫወትባቸው። ያ ወፍራም ፀጉራም ብርድ ልብስ አዋቂን እንኳ ያፍናል። ከብርድ የሚጠብቀው የለበሰው ልብስ ነው፤ እናንተ ከምትለብሱት አንድ ድርብ ቢጨመርለት ይበቃዋል። ጀርባውን በእጃችሁ ዳሱት፤ ካላበው በዝቶበታል። ሙቀት መብዛት ራሱ ከአደጋዎቹ አንዱ ነው። ፊቱን ግን በምንም አትሸፍኑ፤ በነጠላም፣ በጋቢም፣ በሒጃባችሁ ጫፍም። «ንፋስ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያርፍበት» ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። በአንቀልባ ስታዝሉትም አፍንጫውን አየር ያግኘው።

ክታብን በተመለከተ ዑለማዎች ያላቸውን ክርክር ዛሬ አላነሳም። በጨቅላ አንገት ላይ የሚታሰር ማንኛውም ክር ሌሊት ሊያንቅ እንደሚችል ግን ማንም አይከራከርም። ትራሱ ሥር የሚቀመጠውን ቢላም አንሱት።

ስለ እሳት ደግሞ ትእዛዙ ቀድሞ መጥቶልናል። መዲና ውስጥ ቤት በሌሊት በባለቤቶቹ ላይ ተቃጥሎ ነበርና፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ እሳት እንድናጠፋ አዘዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ብርዱን ለመስበር ከሰል በማንደጃ ክፍል ውስጥ አድርጎ በር ዘግቶ መተኛት ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል፤ አዋቂውንም ይገድላል። ጠዋት ሞቶ ከተገኘ ሕፃን ጀርባ አንዳንዴ ያለው ይኸው ነው። ጭስም እንደዚያው ነው። የነብዩ ልጅ ኢብራሂም ጡት ሲጠባ የነበረው በአንጥረኛው በአቡ ሰይፍ ቤት ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸውን ሊያዩ በሄዱ አንድ ቀን ቤቱ በጭስ ተሞልቶ ነበርና፣ አነስ (ረ.ዐ) ቀድሟቸው ገብቶ አቡ ሰይፍን ወናፉን እንዲያቆም ነገረው፤ እሱም አቆመ። ከዚህ ሕግ አወጣለሁ አልልም፤ ታሪኩ ግን ሁሌም ትዝ ይለኛል። ልጅ ባለበት ክፍል ጫት ዘርግቶ ሲጋራ የሚያጨስ አባት ቢያንስ ውጭ ይውጣ። የሲጋራ ጭስ ከዚህ ሞት ዋና ዋና አጋላጮች አንዱ መሆኑ በየአገሩ ተረጋግጧል።

ክትባትን አንዳንድ ሰዎች ያለ በደሉ ይወቅሱታል። በአገራችን ሕፃን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል። ይህ ሞት የሚበዛበትም ዕድሜ ያው ስለሆነ፣ ተከትቦ በሳምንቱ የሞተ ልጅ «መርፌው ነው» ይባላል። በየአገሩ ሲመረመር ግን የተከተቡት ሕፃናት በዚህ ሁኔታ የሚሞቱት ካልተከተቡት ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው።

ለአራስ ልጅ የሚዋጥ ለጋ ቅቤ፣ አብሽና ስኳር ውኃ አያስፈልገውም። ተሕኒክ በተምር ይደረግ፤ ማር ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ፤ ጡንቻንና ትንፋሽን የሚያዳክም መርዝ የሚፈጥር ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ስለ ግግና ስለ እንጥል ማስቆረጥ ሰፊ ጊዜ ስለሚያስፈልገው ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ግግ የሚባለው ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ሌሊት ሰው አይገድልም። እሱን ለማውጣት የሚገባው ምላጭ ግን ገድሏል።

ይህን ሁሉ ለአንዲት አራስ ብቻ ብትነግሯት አይጠቅምም። ልጁን የሚያስተኛው ማነው? አያት ናት፣ ታላቅ እህቱ ናት፣ እናቱ ሥራ ስትውል የቤት ሠራተኛዋ ናት። «በሆዱ ሲተኛ ጸጥ ይላል» ብላ በቅንነት የምትደፋው እሷ ናት። እውነትም ጸጥ ይላል፤ እንቅልፉ ይከብዳልና፤ አደጋውም እንቅልፉ መክበዱ ላይ ነው። አራሷ ገና ልጅ ከሆነች የአማቷን ቃል መቃወም አትችልም። ስለዚህ መስማት ያለባቸው አማቶች ናቸው። አማቶችን የሚያናግር ደግሞ የመስጊዱ ኢማምና የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብረው ሲሆኑ ነው። አንዱ ብቻውን ቢናገር ግማሹ ቤት አይሰማውም።

ቤተሰብ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቀን ደግሞ አለን። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ይታረዳል፤ ስም ይወጣል፤ አያቶች፣ አክስቶች፣ ጎረቤቶች ይመጣሉ። አታካናው ቀርቦ፣ ዱዓው ተደርጎ ሰዉ ከመበተኑ በፊት፣ ኢማሙ ሕፃኑን ተቀብሎ በጠንካራ ምንጣፍ ላይ በጀርባው አንጋሎ፣ ፊቱን ገልጦ ለሁሉም ቢያሳይ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። አደጋው የሚበረታበት ሁለተኛው ወር ገና አልደረሰም፤ ቤቱ ለመልመድ ጊዜ አለው። የሆሳዕናና የዱራሜ፣ የሾኔና የአንጋጫ ኢማሞቻችን ይህን ከሚቀጥለው ዐቂቃ ቢጀምሩት ስል እጠይቃለሁ። የጀመራችሁም እንዴት እንደሄደላችሁ በደብዳቤ ላኩልን፤ በዝግጅታችን ላይ እናነበዋለን ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።